የካርታው ዕድልና የመሐንዲሱ ግብ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ አደጋ ስሌትና ስለ አስተማማኝነት አንድ ንግግር እንዳሰማ ሲጠይቀኝ፣ ምሳሌውን በራሴ ፈቃድ እንድመርጥ ነጻነት ሰጥቶኝ ነበር። በኢንተርኔት ስለሚደረገው የፖከር ጨዋታ መናገር እንደምፈልግ በገለጽሁ ጊዜ ከታላላቆቻችን አንዱ፣ «ልጄ፣ ስለ ድልድይ ብትነግረን አይሻልም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድልድይ የተከበረ ነገር ነው፤ ቁማር ግን በወላጆቻችን ቤት ስሙ እንኳ በበጎ አይነሣም። ይሁን እንጂ ዛሬ ጨዋታው በር ማንኳኳት አላስፈለገውም፤ በእያንዳንዳችን ኪስ ባለው ስልክ በኩል ገብቷል። ደግሞም እኔ ሠርቼ የፈረሰብኝ ድልድይ የለም፤ በዚህ ጨዋታ ግን ያፈረስሁት ነገር ስላለ፣ በማውቀው ብናገር ይሻላል ብዬ መረጥሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ልግለጽ። ፖከር በ52 ካርታዎች ይካሄዳል። ዛሬ በብዛት በሚዘወተረው ዓይነቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በምስጢር ይታደለዋል፤ አምስት ካርታዎች ደግሞ ለሁሉም በግልጽ በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። በየመካከሉ ተጫዋቾቹ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ያልመሰለው ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ከሎተሪ የሚለየው ዋናው ነገር፣ ተጫዋቹ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መሆኑ ነው። ቤቱ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ጥቂት ድርሻ፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 ገደማ፣ እየቀነሰ ይወስዳል። እንግዲህ ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ የሚለው ለቤቱ ግድ አይሰጠውም፤ ግድ የሚሰጠው በሰዓት ስንት ዙር ተጫወቱ የሚለው ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእውነተኛ ገንዘብ የሚደረግ የኢንተርኔት ፖከር የተጀመረው በ1998 መጀመሪያ፣ ፕላኔት ፖከር በተባለ ድርጅት ነው። ወዲያውም አንድ የምህንድስና ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ካርታውን የሚበውዘው ማን ነው የሚል ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስንጫወት የሚበውዘውን ሰው እጅ እናያለን። በኢንተርኔት ግን እጅ የለም፤ ያለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። 52 ካርታዎች ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት፣ 8 ጽፈን ከኋላው 67 ዜሮዎች ብናስከትል የምናገኘውን ቁጥር ያህላል። አበዋወዙ ትክክል ነው የሚባለው እነዚህ ሁሉ አደራደሮች እኩል ዕድል ሲኖራቸው ነው።

በዚያን ዘመን ለጨዋታ ድርጅቶች ፕሮግራም ይሠራ የነበረው ኤ.ኤስ.ኤፍ. ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ፣ አበዋወዙ ንጹሕ መሆኑን ለማስረዳት ሲል የመበወዣውን ፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በ1999 ሪላየብል ሶፍትዌር ቴክኖሎጂስ በተባለ ድርጅት የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ጽሑፍ ቁጭ ብለው አነበቡት። ያገኙት ነገር ለማንኛችንም ትምህርት ይሆናል። ፕሮግራሙ የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚያመነጨው ከአንድ ባለ 32 ቢት መነሻ ቁጥር ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ሊያወጣ የሚችለው አደራደር ከ4.3 ቢሊዮን ገደማ አይበልጥም። ከ67 ዜሮዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ከምንም አይቆጠርም። ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። መነሻ ቁጥሩ የሚወሰደው ከኮምፒዩተሩ ሰዓት፣ ማለትም ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ካለፉት ሚሊሰከንዶች ነበረ። በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ሚሊሰከንዶች 86,400,000 ናቸው። የራሱን ሰዓት ከድርጅቱ ሰዓት ጋር ያስማማ ሰው ደግሞ ፍለጋውን ወደ 200,000 ገደማ ዝቅ ማድረግ ይችላል። የራሱን ሁለት ካርታዎችና በጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚገለጡትን ሦስቱን ካየ በኋላ፣ የሌሎቹ ተጫዋቾች እጅ ምን እንደ ያዘና ወደፊት ምን ካርታ እንደሚወጣ ኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። በዚህ ላይ ደግሞ 52 መጻፍ በነበረበት ቦታ 51 ተጽፎ ተገኘ፤ ይህም ማናችንም በወጣትነታችን የሠራነው ዓይነት ስሕተት ነው።

በዚህ ታሪክ የሳቁ ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ያን ኩባንያ አከብረዋለሁ፤ ስሕተቱ የተገኘው ጽሑፉ ስለ ተገለጠ ነውና። በ2007 የሆነውን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። አብሶሉት ፖከር በተባለው ድርጅት ውስጥ የሌሎቹን ተጫዋቾች ካርታ ሁሉ ማየት የሚችል ስውር ሒሳብ እንዳለ የተደረሰበት በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራ አልነበረም። ጥቂት ተጫዋቾች የአንዱን አሸናፊ ውጤት ከስታቲስቲክስ ጋር አመዛዝነው፣ ይህ በዕድልም ሆነ በብልኀት ሊሆን አይችልም ብለው ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ የተሸነፈበትን ውድድር መዝገብ ከድርጅቱ ቢጠይቅ፣ የሁሉም ተጫዋች ካርታ ያለበት ሰነድ ተላከለት። ሊደበቅ የሚገባውን ነገር የላከው ራሱ ድርጅቱ ነው! በማግሥቱ ዓመት ተመሳሳይ ጉድ በአልቲሜት ቤት ተገለጠ።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት ከአንድ መቶ ዶላር ባነሰ መግቢያ አሸንፎ በላስ ቬጋስ ከሚደረገው የዓለም የፖከር ውድድር ከደረሰ በኋላ ያንኑ ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በዚያ ዓመት ዋናውን ውድድር የገቡት 839 ሰዎች ነበሩ፤ በ2006 ቁጥራቸው 8,773 ደረሰ። በዚያው በ2006 ኦክቶበር ወር የአሜሪካ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ስለ ወደቦች ጥበቃ ከወጣ ሌላ ሕግ ጋር ተጣብቆ የጸደቀ ሲሆን፣ ባንኮችና ገንዘብ አስተላላፊዎች ሕገ ወጥ ለሆነ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ እንዳያስተላልፉ ይከለክላል። ፖከር ሕገ ወጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን በግልጽ አልተናገረም። በፕላን ላይ መለኪያ ሳይጻፍ የተላለፈ ሥራ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው፤ ሁሉም እንደ መሰለው ሠራ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2011 ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የተባሉት ሦስቱ ታላላቅ ድርጅቶች ተከሰሱ፤ የኢንተርኔት አድራሻዎቻቸውም በመንግሥት እጅ ገቡ። ተጫዋቾች ያን ዕለት ጥቁሩ ዓርብ ይሉታል። ለእኔ ትልቁ ነገር ክሱ አይደለም፤ ክሱ የገለጠው ነው። መንግሥት በሴፕቴምበር 2011 ባሻሻለው ክስ እንደ ገለጸው፣ ፉል ቲልት በዓለም ዙሪያ ላሉ ተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ሲኖርበት በባንክ የነበረው ግን 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ፈቃድ ያልነበረው እንዳይመስላችሁ፤ በእንግሊዝ ቻነል ካለችው ከአልደርኒ ደሴት የተሰጠ ፈቃድ ነበረው። ነገር ግን የተጫዋቾቹ ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ አልተቀመጠም። ከተጫዋቹ ባንክ ያልተሰበሰበ ገንዘብ እንኳ በተጫዋቹ ሒሳብ ላይ እንደ ገባ ሆኖ ይታይ ነበር። በስክሪኑ ላይ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ጀርባ ግን ገንዘብ የለም። ፖከርስታርስ በ2012 ከመንግሥት ጋር በ731 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ፉል ቲልትን ጠቀለለ፤ የአሜሪካ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት ግን በፌብሩዋሪ 2014 ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የየግዛቶቹ ሆነ። ኔቫዳ በኤፕሪል 2013፣ ደላዌርና ኒው ጀርሲ በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ፔንሲልቫኒያ በ2019፣ ሚሺጋን በ2021 ጨዋታውን በፈቃድ አስጀመሩ። ጥቂቶቹም ተጫዋቾቻቸው በአንድ ጠረጴዛ እንዲገናኙ ተዋዋሉ። በእነዚህ ግዛቶች የመበወዣው ፕሮግራም በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ የተጫዋቾች ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ በኒው ጀርሲ ዕድሜው 21 ያልሞላ አይጫወትም፤ ከግዛቱ ክልል ውጭ ያለ ሰውም አይገባም። ይህን የመጨረሻውን ደንብ በራሴ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። ከኒው ጀርሲ ወደ ማንሃተን ለሥራ ስመላለስ፣ ባቡሩ ከሃድሰን ወንዝ በታች ካለው ዋሻ ሲደርስ ጨዋታው ይቋረጥብኝ ነበር። በወንዙ ወዲህ ማዶ ሕጋዊ የሆነው በወዲያ ማዶ ሕጋዊ አይደለም። ሕጉን ሳመሰግነው የምኖረው ለዚያች የባቡር ዋሻ ዕረፍት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሕጉ ረገድ ብዙ ተሠርቷል ማለት ነው። ገና ያልተፈታ ችግርም አለ፤ በ2019 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ፕሉሪበስ የተባለ ፕሮግራም ስድስት ሆነው በሚጫወቱበት ፖከር የሙያው ሰዎችን አሸንፏል፤ ለማሠልጠኛ ያስፈለገው የኮምፒዩተር ኪራይ 150 ዶላር ገደማ ነበር። ከስልኩ ወዲያ የተቀመጠው ሰው ይሁን ማሽን የሚለው ጥያቄ ተቆጣጣሪዎችን ገና ብዙ ያደክማል። የእኔ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። እኔን የጎዳኝ ፈቃድ ያለው፣ የተመረመረ፣ ገንዘቤንም በታማኝነት የጠበቀ ጨዋታ ነው።

ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልሁት ነጥብ ልመለስ። በእውነተኛ ጠረጴዛ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ዙር ይካሄዳል። በኮምፒዩተር አንዱ ጠረጴዛ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ዙር ያወጣል። ፉል ቲልት በ2010 ባስጀመረው ዓይነት ጨዋታ ደግሞ፣ ተጫዋቹ ካርታውን በጣለበት ቅጽበት ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተሸጋግሮ አዲስ ካርታ ስለሚታደለው፣ በሰዓት ከ200 ዙር በላይ ይሄዳል። ይህ ለስልክ የተፈጠረ ይመስላል፤ በአንድ አውራ ጣት የሚሠራ ነውና። በሳምንት ሁለት ምሽት አራት አራት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው 10,000 ዙር ለመጫወት ዓሥር ወር ገደማ ያስፈልገዋል። በስልኩ በ50 ሰዓት ይጨርሰዋል። የአንድ ዓመት ዕጣ በአንድ ወር ይመጣል ማለት ነው።

ታዲያ ያ 10,000 ዙር ምን ይነግረናል? በዚህ ጨዋታ ውጤት የሚለካው በመነሻ ውርርድ ነው፤ መነሻ ውርርድ ማለት በየዙሩ አንድ ተጫዋች ካርታ ሳያይ በግድ የሚያስይዘው ገንዘብ ነው። በየ100 ዙሩ በአማካይ 5 መነሻ ውርርድ የሚያተርፍ ጎበዝ ተጫዋች እንውሰድ። የውጤቱ መዋዠቅ፣ ማለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ በየ100 ዙሩ 90 ነው እንበል፤ ይህ በዚህ ጨዋታ የተለመደ መጠን ነው። ትርፉ ከዙሩ ብዛት ጋር ሲያድግ መዋዠቁ የሚያድገው በዙሩ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ከ10,000 ዙር በኋላ የሚጠበቀው ትርፍ 500፣ መዋዠቁ ግን 900 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጎበዝ ሰው ከመቶ 29 ያህል ዕድል ከስሮ ይገኛል። በአንጻሩ በየ100 ዙሩ 3 የሚከስር ደካማ ተጫዋች ከ10,000 ዙር በኋላ ከመቶ 37 ያህል ዕድል አትርፎ ይገኛል፤ ጎበዝ ነኝ ብሎም ያምናል። የመጀመሪያው ተስፋ ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ሥራውን ሊለቅ ያስባል።

ይህን ስሌት በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ነው። ይሁንና በ2019 መጀመሪያ ላይ አንድ ደብተር ገዝቼ በመጀመሪያው ገጽ «ግብ፦ በወር 500 ዶላር» ብዬ ጻፍሁ። መነሻ ውርርዱ 1 ዶላር በሆነበት ጠረጴዛ፣ በስልኬ፣ በወር 3,000 ዙር ያህል እጫወት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሁለቱ ግቤን መታሁ። ያን ጊዜ ያላሰላሁትን አሁን ላስላላችሁ፤ በ3,000 ዙር የሚኖረው መዋዠቅ 493 ዶላር ነው። ግብ ብዬ የጻፍሁት ቁጥር ከመዋዠቁ ልክ ጋር እኩል ነበር። ምንም ብልጫ የሌለው ተጫዋች እንኳ ከስድስት ወር በአንዱ ያህል ያን ግብ ይመታል። ከመካከላችን አንድ ባለሙያ በመለኪያ መሣሪያው የስሕተት ልክ ላይ ተመሥርቶ ምሰሶ ቢነድፍ ፈቃዱን እንነጥቀው ነበር።

በሜይ ወር በ24ኛው ቀን 420 ዶላር ከስሬ ነበር። ግቡን ለመምታት በቀረው አንድ ሳምንት 920 ዶላር ማግኘት አለብኝ ማለት ነው። በለመድሁት ጠረጴዛ ይህ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ መነሻ ውርርዱ 10 ዶላር ወደ ሆነበት ጠረጴዛ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት እዚህ ካሉ ወዳጆቼ ጋር የምጥለው ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ገንዘቡ ደሴ ለሚገኘው የወላጆቼ ቤት ጣሪያ የታሰበ ነው። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ በሁለት ሌሊት፣ ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሺህ ዶላር አስገብቼ ሦስቱንም ጨረስሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሲደውል፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሰኔ ሊገባ ነው፤ ቆርቆሮውን ካሁኑ ካልገዛነው አናጢው ወደ ሌላ ሥራ ይሄድብናል» አለኝ። እኔም ባንኩ አዘገየው አልሁት። ባንኩ ምንም አላዘገየም። ያን ክረምት እናቴ ከምትተኛበት ክፍል ወጥታ በሳሎኑ ውስጥ ተኛች፤ በክፍሏ ሁለት ሳፋ ተቀምጦ ነበር። የጣሪያ ጭነት እያሰላሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጣሪያው የተሠራው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ለወንድሜም እውነቱን የነገርሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙ አልተናገረኝም። «ሳፋውን እኔ ነበርሁ የምደፋው» ብቻ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ደብተሩን እንደ መሐንዲስ መረመርሁት። ስሕተቱ ግብ ማውጣቴ አይደለም፤ ግቡን ያወጣሁት በእጄ በሌለ ነገር ላይ መሆኑ ነው። በአንድ ወር የሚመጣው ገንዘብ በእጄ የለም። በእጄ ያለው የምጫወትበት ሰዓት፣ የጠረጴዛው መጠንና ከጨዋታው በኋላ የማደርገው ምርመራ ነው። በእጅ በሌለ ነገር ላይ የወጣ ግብ ሲጎድል፣ የሚጎትተው በእጅ ያለውን ነው፤ እኔንም የጎተተኝ ከጠረጴዛዬ አውጥቶ ነው። ስልኩ ደግሞ በመጎተቱና በመጫወቱ መካከል ምንም ርቀት አያስቀምጥም። ወደ ላስ ቬጋስ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሻንጣ ያዘጋጃል፤ እኔ ጫማ እንኳ አላደረግሁም።

በኒው ጀርሲ ደንብ ውስጥ አንድ የምወደው አንቀጽ አለ። ተጫዋቹ ለሚያስገባው ገንዘብና ለሚጫወትበት ሰዓት ራሱ ወሰን ማበጀት ይችላል። ወሰኑን ዝቅ ሲያደርግ ሳይዘገይ ይጸናል፤ ከፍ ሲያደርግ ግን ቀድሞ ያበጀው ጊዜ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይህን ያረቀቀው ሰው ውኃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ የሚያውቅ ይመስለኛል። ነገር ግን ቫልቩን የሚገጥመው ተጫዋቹ ነው። በዚያ በሜይ ወር ወሰን የማበጃው ገጽ በስልኬ ላይ ነበር፤ አንድ ቀንም ከፍቼው አላውቅም። ሕጉ የካርታውን አበዋወዝ መርምሯል፣ ገንዘቤን አስጠብቋል፤ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የመረመረ ግን ማንም የለም።

ነገሩ በሽታ ለሆነበት ሰው ይህ ሁሉ ስሌት አይበቃውም። ለእርሱ የሚሆነው ራስን የማገጃ መዝገብ ነው፤ በዚያ የተመዘገበ ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቢለምን እንኳ አይገባም። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሰው ካለ እዚያ የመመዝገቡን ነገር ለነገ አያቆየው። እኔ ራሴ ከዚያ መዝገብ በር ላይ ስንት እርምጃ ቀርቶኝ እንደ ነበር በርግጥ መናገር አልችልም።

ዛሬም በጥቂቱ እጫወታለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈለግሁም። የዚህ ዓመት ገጽ እንዲህ ይላል። በሳምንት ከአራት ሰዓት አይበልጥም። መነሻ ውርርዱ ከ1 ዶላር አይበልጥም፤ ወደ ላይ መውጣት የሚታሰበው ከ100,000 ዙር በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከላይ ያልሁት ጎበዝ ተጫዋች ከስሮ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ ወደ 4 ይወርዳልና። በእያንዳንዱ ምሽት መጨረሻ ከተጫወትሁት ውስጥ ዓሥር ዙር መርጬ እመረምራለሁ። ጨዋታው ከስልኬ ተነሥቷል፤ የምጫወተው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ለዓመቱ የመደብሁት ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ተቀምጧል፤ ያ ካለቀ ዓመቱ አለቀ። ሕግ ድርጅቶቹን የተጫዋቾችን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ ያላቸውን፣ እኔም ለራሴ አዘዝሁት። የወንድሜም ስልክ ቁጥር በዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። በየወሩ መጨረሻ የሰዓቱንና የሒሳቡን ልክ እልክለታለሁ። ባለፈው ወር አራት ሰዓት ያልሁት አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ስላገኘው፣ ስለ ሩቧ ሳይቀር ጠይቆኛል።